አሮጌው ዴስክቶፕ ራውተር ይወጣዋል? ጊጋቢቱን ተዉትና ፓኬት ቁጠሩ

ቡሬ ያለ ጓደኛዬ ሰሞኑን ደውሎ "ቢሮ ጥግ አቧራ እየጠጣ የተቀመጠ ዴስክቶፕ አለን፣ ሊኑክስ ጭኜ ራውተር ባደርገው ይችላል?" አለኝ። ይችላል፣ ሁሉም ይችላል። ስንት ይችላል የሚለው ነው ጣጣው። እሱ ግን ቀድሞኝ ለክቶታል፣ አይፐርፍ የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም አስኪዶ 940 ሜጋቢት አየና ደስ ብሎት ነው የደወለው። 940 ማለት እኮ የ1 ጊጋ ኬብል በቲሲፒ የሚሰጠው ጣሪያ ነው፣ ደህና ኔትወርክ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ብዙም ሳያልበው ያወጣታል፣ ስለ ማሽኑ አቅም የነገረችው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በስልክ ላስረዳው ሞክሬ ካርዴ አለቀ፣ ስለዚ ሙሉውን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላም ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

መጀመሪያ ወፍጮ ቤት አስቡ፣ ቅዳሜ ገበያ ቀን። አንድ ነጋዴ 10 ኩንታል ጤፍ ይዞ ቢመጣ አንዴ ይመዘናል፣ አንዴ ሂሳብ ይደረጋል፣ ወፍጮው ዝም ብሎ ይፈጫል። ያንኑ 10 ኩንታል 100 ሰው አስር አስር ኪሎ አርጎ ቢያመጣው ድንጋዩ የሚፈጨው ያው ነው፣ የሚያልቀው ወፍጮ ቤት የቆመው ልጅ ነው፣ እያንዳንዱን መዝኖ፣ ተቀብሎ፣ መልስ ቆጥሮ፣ ሰርገኛው ከነጩ እንዳይደባለቅ ጠርጎ፣ ጆንያ አቀያይሮ። ራውተርም እንደዛ ነው። ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ ፓኬት ይባላል፣ ራውተሩ የፓኬቱን ሆድ አያየውም፣ ግንባሩ ላይ የተጻፈውን አድራሻ አንብቦ፣ መንገድ ፈልጎ፣ ወደሚቀጥለው ፖርት ይገፋል። ይሄ ስራ ፓኬቱ ትንሽም ሆነ ትልቅ ያው ነው። ስለዚ ራውተር የሚደክመው በኪሎ ሳይሆን በሰው ብዛት ነው።

ሂሳቡን እንስራው። ትንሿ የኢተርኔት ፍሬም (ኬብሉ ላይ እንደሚሄደው የታሸገችው ፓኬት) 64 ባይት ናት። ኬብሉ ላይ ስትሄድ ከፊቷ 8 ባይት ማንቂያ አለ፣ ከኋላዋ 12 ባይት የሚሆን ክፍተት አለ፣ ተደምሮ 84 ባይት ወይም 672 ቢት ይሆናል። 1 ጊጋን ለ672 አካፍሉት፣ በሰከንድ 1,488,095 ፓኬት። 10 ጊጋ ከሆነ 14,880,952። በትልቋ በ1518 ባይት ከሄዳችሁ ግን ያው 1 ጊጋ ኬብል የሚይዘው 81,274 ፓኬት ብቻ ነው። ገባችሁ? የቡሬው ጓደኛዬ 940 ሲያይ ማሽኑ የሰራው በሰከንድ 80 ሺ ገደማ ፓኬት ነው፣ ኬብሉ ግን ከዛ 18 እጥፍ የሚሆን ሊያመጣበት ይችላል። 10 ጊጋ ላይ ደሞ ለአንዷ ትንሽ ፓኬት ያላችሁ ጊዜ 67.2 ናኖሰከንድ ነው፣ 3 ጊጋኸርዝ የሆነ ኮር በዛች ውስጥ 200 ዙር ቢመታ ነው፣ አንዴ ራም ድረስ ሄዶ መመለስ ብቻውን ያንን ሁሉ ሊበላው ይችላል።

እርግጥ ሰው ሁሉ 64 ባይት አይልክም። ቪዲዮ ትልልቅ ነው፣ የቲሲፒ ማረጋገጫ፣ ዲኤንኤስ፣ የድምጽ ጥሪ፣ ጌም ትንንሽ ነው። ሰዎች ለመለካት የሚጠቀሙበት ድብልቅ አለ፣ አይሚክስ ይሉታል፣ 7 ትንሽ፣ 4 መካከለኛ፣ 1 ትልቅ፣ አማካዩ 350 ባይት አካባቢ ይመጣል። ግን ቫይረስ የያዘው ላፕቶፕ ወይ ከውጭ የሚመጣ ጥቃት ሲነሳ ትንንሹ ነው የሚጎርፈው፣ ራውተሩ የሚወድቀውም ያን ቀን ነው። ስለዚ ሁለቱንም ለኩ፣ 64ቱን መጥፎውን ቀን ለማወቅ፣ ድብልቁን ተራውን ቀን ለማወቅ።

አሁን ዕቃ። ሶስት ማሽን ቢኖራችሁ ጥሩ፣ አንዱ ላኪ፣ መሃለኛው የሚፈተነው፣ ሶስተኛው ተቀባይ። መሃል ላይ ስዊች አታስገቡ፣ ኬብሉን ቀጥታ ሰኩ፣ አለበለዚያ የስዊቹን ችግር የራውተሩ ታደርጉታላችሁ። ሁለት ማሽን ብቻ ካላችሁም ይሆናል፣ ሁለት ፖርት ያለው አንዱ ላኪም ተቀባይም ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ሰው የሚያሳብድ ነገር አለ፣ ላኪና ተቀባይ አንድ ሊኑክስ ላይ ሲሆኑ አይፐርፍ ብታስኬዱ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ሁለቱም አድራሻ የኔ ነው ብሎ በውስጥ ያሻግረዋል፣ ኬብሉን ሳይነካ። ውጤቱ በጣም ያምራል፣ ራውተሩን ነቅላችሁት እንኳ ያው ቁጥር ይመጣል። እኔ ራሴ ግማሽ ቀን ከተደሰትኩ በኋላ ነው የባነንኩት። መፍትሄው አንዱን ፖርት ለብቻው ኔትወርክ ኔምስፔስ ውስጥ ማስገባት ነው፣ እዛው ሊኑክስ ላይ እንደ ሌላ ማሽን የሚቆጠር የተለየ ክፍል ማለት ነው።

ካርዱ ከፕሮሰሰሩ በላይ ይወስናል ብዬ ነው የማምነው። ዋናው ነገር ስንት ኪው አለው የሚለው ነው፣ ኪው ማለት የሚመጣው ፓኬት ለየኮሩ የሚከፋፈልበት ሰልፍ ነው። የኢንቴሉ አይ210 4 ኪው አለው፣ አይ350 በየፖርቱ 8። ማዘርቦርዱ ላይ ተለጥፎ የሚመጣው ርካሹ ብዙ ጊዜ አንድ ሰልፍ ብቻ ነው ያለው፣ 8 ኮር ብትገዙ 7ቱ ቆመው ያያሉ። አንዴ አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ ባለ 4 ፖርት ካርድ "ኦርጅናል" ተብሎ ገዛሁ፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ማርቆስ ደረሰ፣ ትንንሽ ፓኬት ሲበዛበት ፖርቱ ይጠፋል፣ ሪስታርት ካላደረጋችሁት አይመለስም። ስቲከሩ ብቻ ነበር ኦርጅናል። በትልቅ ፓኬት ስሞክረው ምንም አልነበረበትም፣ ለዛ ነው ዕቃ ሳትቀበሉ በትንሿ ፈትኑ የምለው፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ለካርድ ብሎ ደጀንን ዳግም የሚያቋርጥ የለም።

ቀጥሎ ስሎቱ። አሮጌው ፒሲአይ ስሎት በሰከንድ 133 ሜጋባይት ነው፣ እሱም ለሁሉም በጋራ፣ ገቢና ወጪ 1 ጊጋ እዛ ውስጥ አይገባም፣ አትልፉ። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሁለተኛው ትውልድ በአንድ ሌን (በአንድ የዳታ መስመር) 500 ሜጋባይት ነው፣ 4 ጊጋቢት ማለት ነው በየአቅጣጫው። የ10 ጊጋው ኤክስ520 8 ሌን የሚፈልግ ካርድ ነው። ረጅም ስሎት አይታችሁ አትሸወዱ፣ ከውጭ 16 የሚመስለው ከውስጥ 4 ሌን ብቻ የተገናኘ ሊሆን ይችላል። ኤልኤስፒሲአይ የሚባለውን ትእዛዝ በሁለት ትንንሿ ቪ አስኪዱና የሊንክ ስታተስ የሚለው መስመር ላይ ፍጥነቱንና የሌኑን ብዛት አንብቡ፣ እሱ አይዋሽም።

ራውተሩን ስታዘጋጁ መጀመሪያ ባዶውን ለኩ፣ ፋየርዎል የለ፣ ናት (ብዙ ማሽን በአንድ አድራሻ የሚያወጣው) የለ፣ ማስተላለፍ ብቻ። ፎርዋርዲንግ ክፈቱ። የምትልኩት ምንጭ አድራሻ የተደበላለቀ ስለሚሆን ሪቨርስ ፓዝ ፊልተርን አጥፉት፣ አለበለዚያ ራውተሩ "ይሄ ከዚህ በኩል መምጣት አልነበረበትም" ብሎ በዝምታ ይጥልና እናንተ ካርዱን ትወቅሳላችሁ። ፖዝ ፍሬምም ይጥፋ፣ በኢትቱል (የካርዱ ማስተካከያ ትእዛዝ ነው) ትልቋን ኤ ተጠቅማችሁ ገቢም ወጪም ኦፍ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፖዝ ካለ ራውተሩ ሲደክመው ላኪውን "ቆይ" ይለዋል፣ ላኪውም ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ አንድም ፓኬት አልጠፋም ይላችኋል፣ ለምን ቢጠፋ፣ አልተላከማ። የፕሮሰሰሩን ገቨርነር (ፍጥነቱን የሚወስነውን) ፐርፎርማንስ ላይ አርጉት፣ ካልሆነ አንዴ 2 ጊጋኸርዝ አንዴ 3 እየሆነ ሁለት ልኬት አይገጥምላችሁም። ኢንተራፕቶቹን (ካርዱ "ፓኬት መጣ" ብሎ ኮሩን የሚጠራባቸውን) የሚያዟዙረውን አይአርኪው ባላንስ አቁሙና እያንዳንዱን ኪው ለአንድ ኮር በእጃችሁ ስጡ። ሃይፐርትሬዲንግ (አንዱ ኮር ሁለት መስሎ የሚታይበት) ካለ ሁለቱ መንትዮች አንድ ኮር መሆናቸውን አትርሱ።

ለመላኪያ ከርነሉ ውስጥ ያለው ፓኬትጄን የሚባለው ፓኬት አምራች ለ1 ጊጋ ይበቃል። የምትፈልጉት በተለይ ለ10 ጊጋ ከሆነ ቲሬክስ ወይ ሙንጀን አለ፣ ሁለቱም ዲፒዲኬ (ከርነሉን ዘሎ ካርዱን ቀጥታ የሚያዝ ሶፍትዌር) ላይ ናቸው፣ ለመጫን ግን ቀናችሁን ይበላሉ። ፓኬትጄን ላይ 64 ባይት ስትፈልጉ 60 ብላችሁ ነው የምትጽፉት፣ የቀረችዋን 4 ባይት ካርዱ ራሱ ይጨምራታል። የመድረሻ ማክ አድራሻ የራውተሩ ይሁን። አይፒ ደሞ 198.18.0.0 በ/15 ተጠቀሙ፣ ይሄ ለዚሁ ስራ ብቻ የተቀመጠ ክልል ነው፣ በስህተት ወደ ውጭ ቢያመልጥባችሁም የሰው አድራሻ አትነኩም። 198.18ን በአንድ ጎን 198.19ን በሌላው አርጉና ራውተሩ ላይ ስታቲክ መንገድ ስጡት። ተቀባዩ ላይ የሚመጣውን ሁሉ ገና በሩ ላይ የሚጥል ህግ አስቀምጡ፣ አለበለዚያ ለየፓኬቱ "እዚህ ማንም የለም" እያለ መልስ መላክ ይጀምርና ራውተሩን በተቃራኒ አቅጣጫ ስራ ያበዛበታል።

የላኪውን አቅም ሳትለኩ ደሞ ራውተሩን አትፍረዱ። መጀመሪያ ራውተሩን ከመሃል አውጥታችሁ ላኪና ተቀባይን በአንድ ኬብል አገናኙ። 1.488 ሚሊዮኗን ካልሞላ የሚፈተነው ላኪው ነው፣ ሌላ ማሽን ፈልጉ።

አለካኩ ከ1999 ጀምሮ የተጻፈ ደንብ አለው፣ አርኤፍሲ 2544 ይባላል። መጠኖቹ 64፣ 128፣ 256፣ 512፣ 1024፣ 1280 እና 1518። በሙሉ ፍጥነት ጀምሩ፣ አንድም ከጠፋ ግማሽ አርጉ፣ ካልጠፋ ወደ ላይ መሃል ለመሃል ውጡ፣ እንደዛ እያላችሁ ምንም ሳይጠፋ የሚያልፈውን ከፍተኛውን ታገኛላችሁ። አንዱ ልኬት ቢያንስ 60 ሰከንድ ይሁን። አምስት ሰከንድ ለክቶ ስክሪንሾት የሚልክ ሰው አለ፣ በአምስት ሰከንድ ማሽኑ ገና አልሞቀም። ሊኑክስ ደሞ አልፎ አልፎ የራሱ ጉዳይ ስላለው ጥቂት ፓኬት ሊጥል ይችላል፣ ፍጹም ዜሮ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ቁጥሩ በየዙሩ ይዘላል፣ እኔ ሁለት ቁጥር ነው የምጽፈው፣ አንዱ ዜሮ የጠፋበት፣ አንዱ ግማሽ ፐርሰንት (0.5) የጠፋበት። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ አንድ ያልተስተካከለ ነገር አለ ማለት ነው።

ፓኬት ሲጠፋ ጠፋ ብሎ መተው አይደለም፣ የት ነው የጠፋው? ራውተሩ ላይ ኢትቱልን በትልቋ ኤስ አስኪዱ፣ ሚስድ የሚለው ቆጣሪ እየጨመረ ከሆነ ካርዱ ተቀብሏል ግን ፕሮሰሰሩ ቶሎ አላነሳለትም። ፕሮክ ውስጥ ኔት፣ እዛ ውስጥ ሶፍትኔት ስታት የሚባል ፋይል አለ፣ በየኮሩ አንድ መስመር፣ ሁለተኛው ዓምድ የተጣለ ነው፣ ሶስተኛው ጊዜ አልበቃኝም ያለበት፣ ቁጥሩ በሄክስ ስለሆነ አትደንግጡ። ከዛ ኤምፒስታትን ለሁሉም ኮር ክፈቱና ሶፍት የሚለውን (በዋናነት ኮሩ ፓኬት ሲያስተናግድ ያጠፋውን ጊዜ) እዩ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ ቶፕ ከፍቶ "ሲፒዩ 25 ፐርሰንት ብቻ ነው የያዘው፣ ገና ብዙ ይችላል" ይላል። 4 ኮር ባለው ማሽን 25 ፐርሰንት ማለት አንዱ ኮር ታፍኖ ሞቷል፣ ሶስቱ ተኝተዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

ለምን አንዱ ብቻ? ካርዱ ፓኬቱን ለኪው የሚያከፋፍለው ምንጭና መድረሻ አይፒና ፖርቱን ቀላቅሎ ነው። ፓኬትጄን እንደመጣ አንድ አይፒ ለአንድ አይፒ ከላከ ሁሉም አንድ ሰልፍ ውስጥ ይገባል። አድራሻውን እንዲቀያይር አርጉት፣ መጀመሪያ ግን ሆን ብላችሁ በአንዱ ብቻ ለኩ፣ የአንድ ኮር አቅም ስንት እንደሆነ የምታውቁበት መንገድ እሱ ነው፣ ከዛ ባለብዙውን ስትለኩ ኮር ሲጨመር ምን ያህል እንደሚያድግ ይታያችኋል። በፒፒፒኦኢ (በስምና በፓስወርድ በሚገባበት የኢንተርኔት መስመር) የምትገናኙ ከሆነ ደሞ ብዙ ካርዶች የፒፒፒኦኢውን ልብስ ገልጠው አይፒውን ማየት ስለማይችሉ ሁሉን በአንድ ኮር ላይ ይጭኑታል። ያኔ አርፒኤስ የሚባለውን ከርነሉ ውስጥ አብሩት፣ ማከፋፈሉን በሶፍትዌር ይሰራል፣ ትንሽ ያስከፍላል ግን ከምንም ይሻላል።

ወደ 940ዋ ልመልሳችሁ። አይፐርፍ በቲሲፒ ሲልክ ራውተሩ ላይ ጂአርኦ የሚባል ነገር በርቶ ነው የሚገኘው፣ ተከታታይ የቲሲፒ ፓኬቶችን አንድ ትልቅ አርጎ ጠቅልሎ መንገድ ፍለጋውን አንዴ ብቻ ይሰራል። ወፍጮ ቤቱ ጋ መቶው ሰው ተሰብስቦ በአንድ ሰው ስም እንዳስመዘነ ቁጠሩት። ለስራ ጥሩ ነው፣ አታጥፉት፣ ግን ለመለካት ሲሆን ያታልላችኋል። አይፐርፍ 3 ደሞ እስከ 3.16 ድረስ ስንት መስመር ብትከፍቱለትም በአንድ ትሬድ ነበር የሚሰራው፣ አሮጌ ቨርዥን ካላችሁ መጀመሪያ የሚደክመው እሱ ነው።

ባዶው ከተለካ በኋላ አንድ በአንድ ጨምሩ። ፋየርዎል፣ ለኩ። ናት፣ ለኩ። ፍጥነት ማከፋፈያ፣ ለኩ (ኬክ የሚባለው አለ፣ ስሙ ይጣፍጣል ግን ኮር ይበላል)። ቪፒኤን፣ ለኩ። ናት ላይ ስትደርሱ ያ ሁሉ የተቀያየረ አድራሻ ጣጣ ያመጣል፣ እያንዳንዱ አዲስ ምንጭና ፖርት ኮንትራክ ሰንጠረዥ (ከርነሉ ግንኙነቶችን የሚመዘግብበት) ላይ አዲስ መዝገብ ይከፍታል፣ ወዲያው ይሞላል፣ ሎጉ "ሰንጠረዡ ሞልቷል፣ እየጣልኩ ነው" እያለ ይጮሃል። እዛ ጋ የለካችሁት ማስተላለፍን ሳይሆን መዝገብ መክፈትን ነው። ፍሰቶቹን በ10 ሺ ምናምን ወስኑና ያንኑ ደጋግሙት። አዲስ መክፈቱን ደሞ ለብቻው ለኩት፣ ካፌ ወይ ዶርም ውስጥ 300 ስልክ አንዴ ሲገናኝ የሚያንቀው እሱ ነው።

ከሌሎች ራውተሮች መንገድ ለመማር ኤፍአርአር የሚባለውን ፕሮግራም ልጫን ወይስ በርድ የሚባለውን የሚል ጥያቄም ይመጣል። የትኛውም ይሁን፣ እነሱ መንገድ ይማራሉ፣ ፓኬት የሚያሻግረው ከርነሉ ነው፣ ስለዚ የፍጥነት ልኬቱን አይለውጡትም። ሙሉውን የዓለም ሰንጠረዥ የምትወስዱ ከሆነ ግን አይፒቪ4 ብቻ ወደ 1 ሚሊዮን መንገድ ነው፣ ያኔ ወደ አንድ መድረሻ ብቻ ልካችሁ የለካችሁት ዋጋ የለውም፣ መንገዱ ካሽ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚጠብቃችሁ። መድረሻውን በሰንጠረዡ ሙሉ በትኑት። እንደኛ አንድ መስመር ብቻ ያለው ሰው ግን አንድ ዲፎልት መንገድ ይበቃዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልበቃ ከ2018 ጀምሮ ከከርነል 4.16 ጋር የመጣ ፍሎውቴብል የሚባል ነገር አለ፣ የታወቀ ፍሰትን በአቋራጭ ያሳልፋል፣ ለናት መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። ቪፒፒና ዲፒዲኬ የሚባሉት በጣም ፈጣን ናቸው፣ ግን የሰጣችኋቸውን ኮር ሰው ኖረም አልኖረም ሌት ተቀን 100 ፐርሰንት ያስሮጡታል፣ ዩፒኤሳችሁ ቶሎ ያልቃል፣ ሲፒዩ አይታችሁም ጭነቱን ማወቅ አትችሉም። ለ200 ሜጋ መስመር ይሄን መጫን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አንድ ሌሊት ሙሉ አስኪዱት ደሞ። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ይክሰናል እንጂ። ባህር ዳር ወደ 1,800 ይወርዳል፣ እዛ ግን ሚያዝያ ላይ ክፍሉ ራሱ ይሞቃል። ሴንሰሩን እያያችሁ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት ሲቀንስ የፓኬቱ ቁጥርም አብሮ ከወረደ ማታ የለካችሁት የቀን ቁጥር አይደለም። ትንሿ የካርዱ ሂትሲንክም ትሞቃለች፣ በተለይ የ10 ጊጋዋ፣ ሰርቨር ውስጥ ነፋስ እየመጣላት እንድትሰራ ነው የተሰራችው፣ ዴስክቶፕ ውስጥ ከሰካችኋት ትንሽ ፋን አስሩላት።

የመጨረሻው ፈተና ሶፍትዌር አይፈልግም፣ ልኬቱ እየሄደ እያለ ገመዱን ንቀሉት። መብራት እንደሄደ ቁጠሩት። ሰኩትና ሰው ሳይነካው ራሱ ተነስቶ ፓኬት ማሳለፍ እስኪጀምር በሰዓት ያዙ። ያስተካከላችሁት የኢንተራፕት ድልድል፣ የፖዙ፣ የገቨርነሩ፣ ሁሉም ተመልሷል? ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ በእጅ የተጻፈ ስለነበር ጠፍቶ 64 ባይቷ ላይ ወደ ድሮው ይወርዳል፣ ስክሪፕት አርጋችሁ ከቡት ጋር አስነሱት። ባዮስ ውስጥ ደሞ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲበራ የሚለውን አብሩ። ከማብራታችሁ በፊት ግን የማዘርቦርዷን ክብ ባትሪ አውጥታችሁ በአዲስ ሲአር2032 ቀይሯት፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሞታ ነው የምትገኘው፣ እሷ ከሞተች ባዮሱም ያበራችሁትን ይረሳል፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የቡሬውም ጓደኛዬ ማሽን ስንከፍተው በፈረንጆቹ 2009 ጥር ላይ ነበር፣ በኛው ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር።